ሜዲካል ካርዳችሁ "እዚህ አይሠራም" ሲባል፦ የሆስፒታል ዝርዝሩን የማስፋት መንገድ

መሥሪያ ቤታችሁ "ሜዲካል" አለው። ካርዱ ቦርሳችሁ ውስጥ ነው። ወገባችሁን ይዛችሁ ሆስፒታል ትደርሳላችሁ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ገልበጥ አድርጋ ታየውና "የእነሱን አቁመናል፤ በካሽ ግን ይቻላል" ትላለች።

ከእሷ ጋር መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ውሉን የፈረመችው እሷ አይደለችም። የሚያሳዝነው ግን እናንተም አልፈረማችሁም። የፈረሙት መሥሪያ ቤታችሁና መድን ድርጅቱ ናቸው። ስለዚህ የሆስፒታሉ ዝርዝር የሚሰፋው በታመማችሁ ቀን አይደለም። ውሉ በሚታደስበት ሰሞን ነው። የማስፋት አቅም ያለውም አረቦኑን፣ ማለትም የመድኑን ክፍያ፣ የሚከፍለው አሠሪያችሁ ነው። እስከዚያው ድረስ ደግሞ ባለው ዝርዝር ውስጥ መላ መፈለግ ይቻላል። ሁለቱንም በቅደም ተከተል እንያቸው። የጻፍኩት በተለይ ካዛንቺስ፣ ስታዲየም፣ ሜክሲኮ፣ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ለሚሠራ ወይም ለሚኖር ሰው ነው።

1. የያዛችሁት የትኛውን ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ብዙ ሰው "ኢንሹራንስ አለኝ" ይላል። ሲጣራ ግን የለውም። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ከተወሰኑ ሆስፒታሎች ጋር የክሬዲት ውል ገብቶ፣ በወሩ መጨረሻ ሂሳቡን ይከፍላል። እናንተ ከኤችአር (ከሰው ሀብት ክፍሉ) ደብዳቤ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። እዚህ ውስጥ መድን ድርጅት የሚባል ነገር የለም። ችግሩንም የሚፈታው መሥሪያ ቤታችሁ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት መሥሪያ ቤቱ ከመድን ድርጅት የገዛው የቡድን የጤና መድን ነው። ካርዱ ላይ የመድን ድርጅቱ ስምና የውል ቁጥር አለ። ሦስተኛው በወረዳ የምትመዘገቡበት ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። እሱ በጤና ጣቢያና በሪፈር የሚሄድ ስለሆነ ለብቻው እመለስበታለሁ።

ለመደበኛ ተቀጣሪው የታሰበ ማህበራዊ የጤና መድንም አለ። አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ሲሆን፣ ከሠራተኛው ደመወዝ 3 ከመቶ፣ ከአሠሪውም 3 ከመቶ እንዲዋጣ ታስቦ ነበር። ግን ዓመታት አልፈውም ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። ተቀጣሪው አሠሪው በሰጠው ካርድ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውም በዚህ ምክንያት ነው።

2. ዝርዝሩን ብቻ ሳይሆን ውሉን ጠይቁ

ኤችአር በቴሌግራም ግሩፕ የሚለቃት አንድ ገጽ የሆስፒታል ዝርዝር አለች። እሷን ይዛችሁ አትተኙ። ብዙ ጊዜ ቀን እንኳ የላትም። ውሉን ወይም ቢያንስ የጥቅማ ጥቅም ሰንጠረዡን ጠይቁ። "ምስጢር ነው" ከተባላችሁ፣ የምትፈልጉት የአረቦኑን ዋጋ ሳይሆን የራሳችሁን መብት እንደሆነ ንገሯቸው። ስታገኙት እነዚህን ፈልጉ፦

የተመላላሽና የተኝቶ ሕክምና ጣሪያው፣ ማለትም መድኑ የሚከፍለው ከፍተኛው ገንዘብ፣ ስንት ነው? ጣሪያው ለእያንዳንዱ ሰው ነው ወይስ ለቤተሰቡ በሙሉ? ወሊድ፣ ጥርስና መነጽር የራሳቸው ጣሪያ አላቸው? ከዝርዝሩ ውጭ ብታከሙ ስንት ከመቶ ይመለሳል? ደረሰኝ የሚገባው እስከ ስንት ቀን ነው? በድንገተኛ ጊዜ ለመድን ድርጅቱ በስንት ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለባችሁ? ከበፊት የነበረ ሕመም ይካተታል?

ጣሪያውን በተለይ ልብ በሉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባው መድኃኒትና የላብራቶሪ ዕቃ ተወዷል። ከዚያ በፊት የተቆረጠ ጣሪያ ሳይሻሻል ከቀጠለ፣ ዝርዝሩ ላይ ሃያ ሆስፒታል ቢኖርም ገንዘቡ ከመንገድ ያልቃል።

3. በስልክ አጣሩ፣ ግን ትክክለኛውን ሰው

የመረጃ ክፍሉ "አዎ፣ እንሠራለን" ሊላችሁ ይችላል። የሚያውቀው ግን የክሬዲት ወይም የፋይናንስ ክፍሉ ነው። እሱን አገናኙኝ በሉ። ንግግሩ ይህን ይመስላል፦

"እህቴ፣ የዚህን ኢንሹራንስ ካርድ አሁንም ትቀበላላችሁ?"
"እንቀበላለን።"
"የዚህን መሥሪያ ቤት ሠራተኞችም?"
"ቆይ ልየው… እነሱ ታግደዋል።"

ሁለተኛው ጥያቄ ወሳኝ ነው። ሆስፒታሉ ከመድን ድርጅቱ ጋር ውል እያለው የአንድን መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ብቻ ሊያቆም ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ክፍያ ዘግይቷል፣ ወይ አዲሱ ዋጋ ላይ አልተስማሙም። የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። የዘገየ ክፍያ በሳምንታት ሊፈታ ይችላል። የዋጋ ጸብ ግን እስከ እድሳት ሊጎተት ስለሚችል፣ ሌላ ሆስፒታል ከአሁኑ ፈልጉ።

ሰዓቱንም ጠይቁ። ክሬዲት ክፍሉ ከሥራ ሰዓት ውጭና እሁድ የሚዘጋባቸው ቦታዎች አሉ። ሐኪሙ አለ፣ ካርዱ ይሠራል፣ የሚያጸድቅ ሰው ግን የለም። ልጅ ደግሞ የሚያተኩሰው ሌሊት ነው።

4. ሐኪሙን ተከተሉ

ይሄ ከሁሉ የምወደው መላ ነው። የምትፈልጉት ስፔሻሊስት ያለበት ሆስፒታል ዝርዝራችሁ ላይ ከሌለ፣ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት "ዶክተር፣ ሌላ የት ይሠራሉ?" ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ስፔሻሊስት አንድ ቦታ ብቻ አይሠራም። ቀን የመንግሥት ሆስፒታል ያለው ሐኪም፣ ማታ ወይም ቅዳሜ አንድ ሁለት የግል ሆስፒታል ይገባል። ከእነዚህ አንዱ ዝርዝራችሁ ላይ ሊኖር ይችላል። ያው ሐኪም፣ ያው እጅ፣ የተለየ በር ማለት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሄዱ የቀድሞ ምርመራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አለበለዚያ ያው ምርመራ በድጋሚ ይታዘዝና ጣሪያችሁን ይበላዋል።

የመንግሥት ሆስፒታሎች የግል ክፍልም አለላችሁ። ከመደበኛ ሰዓት ውጭ እየከፈላችሁ የምትታከሙበት ማለት ነው። መድን ድርጅቱ ይህን ክፍል ይቀበል እንደሆነ በጽሑፍ አስረግጡ። አንዳንዱ ውል "የመንግሥት ሆስፒታል" ሲል መደበኛውን ብቻ ማለቱ ነው።

5. ላብራቶሪና መድኃኒት ላይ ገንዘቡ እንዳያመልጥ

ሆስፒታሉ ዝርዝሩ ላይ አለ፤ ኤምአርአይ ግን የለውም። "እዚያ ማዶ አሠርታችሁ ኑ" ይላችኋል። ማዶ ያለው የምርመራ ማዕከል ደግሞ ከኢንሹራንሳችሁ ጋር ውል የለውም። ደም ወይም ሌላ ናሙና ከሆነ "እናንተው ላኩት፣ ሂሳቡን በእናንተ ቢል ውስጥ አስገቡት" በሉ። ውጭ ካለ ላብራቶሪ ጋር የሚሠሩ ሆስፒታሎች ይህን ሊያደርጉ ይችላሉ። ሰው ስለማይጠይቅ ግን አያነሱትም። ኤምአርአይና ሲቲ ስካን ግን ሰውየው ራሱ መሄድ ስላለበት፣ አስቀድሞ የመድን ድርጅቱን ፈቃድ በኢሜይል ወይም በደብዳቤ ያዙ። በስልክ "ችግር የለውም" የተባለ ነገር ደረሰኝ ስታስገቡ የሚያስታውሰው የለም።

የታዘዘው መድኃኒት የሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ ከሌለ፣ ፋርማሲው ማዘዣው ላይ "የለም" ብሎ እንዲጽፍና ማህተም እንዲያደርግ ጠይቁ። ያለዚህች ምልክት ብዙ ተመላሽ ውድቅ ይሆናል። ማዘዣውን ደግሞ ውጭ ያለው መድኃኒት ቤት ሊያስቀረው ስለሚችል፣ ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። ዋጋው ሲበዛባችሁ ከነማና ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን አስቀድማችሁ እዩ።

ሌላም አለ። ክትባት፣ የቲቢ ሕክምና፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ የሚሰጡ አገልግሎቶች ናቸው። ካርድ አይጠይቁም። ልጅ ለማስከተብ የግል ክሊኒክ ሄዶ ከጣሪያው የሚያስቆርጥ ሰው ሳይ ይቆጨኛል።

6. ከዝርዝሩ ውጭ ከታከማችሁ

ተመላሽ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ወረቀት ነው። የማሽን ደረሰኝ ያዙ፤ የእጅ ደረሰኝ ከሆነ ሕጋዊ መሆኑን እዩ። የታካሚው ስም ይጻፍበት። ስሙ ካርዱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። በእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፉ ቢለያይ እንኳ መዝገብ ቤት ይመልሰዋል። ስለዚህ ካርዱ ሲወጣ ጀምሮ ከፋይዳ መታወቂያችሁ ጋር አመሳስሉት።

"የሕክምና ወጪ" ብቻ የሚል ደረሰኝ አትቀበሉ። ምርመራው፣ መድኃኒቱ፣ የሐኪም ክፍያው ተዘርዝሮ ይጻፍ። የሐኪሙ የሕክምና ማስረጃም ማህተምና ፊርማ ይኑረው። የማሽን ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በጊዜ ብዛት ደብዝዞ ነጭ ወረቀት ሆኖ ሊቀር ይችላል። የዚያኑ ቀን ኮፒ አድርጉት። ዋናውን ስታስገቡም ኮፒው ላይ "ተቀብያለሁ" አስፈርሙ።

7. ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ላላችሁ

እዚህ ያለው በር ሪፈር ነው። መነሻችሁ የተመዘገባችሁበት ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ ሲጽፉላችሁ እንደ ራስ ደስታ፣ ዘውዲቱ፣ የካቲት 12 ወይም ሚኒሊክ ያሉ የከተማው ሆስፒታሎች ትሄዳላችሁ። ከእነሱ አቅም በላይ ሲሆን ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ ትላካላችሁ። ደረጃውን ዘላችሁ በቀጥታ ሆስፒታል ከገባችሁ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። ድንገተኛ ከሆነ ግን በድንገተኛ ክፍል ግቡ፤ ሪፈር ፍለጋ አትዙሩ።

የሪፈር ወረቀቱን እዚያው ጤና ጣቢያ ሳላችሁ አንብቡት። ማህተም አለው? የምትላኩበት ክፍል ተጽፏል? ሆስፒታሉ ክትትል ሲቀጥራችሁ ያው ሪፈር ይበቃ እንደሆነ ወይም ይታደስ እንደሆነ የመድን መስኮቱን ጠይቁ። ይህን ባለመጠየቅ በቀጠሯቸው ቀን ከሰልፍ የሚመለሱ አሉ።

የአባልነት ዓመቱ እንዳያልፍባችሁም ተጠንቀቁ። ካለፈ መድኑ ይቋረጣል፤ የወረዳው የምዝገባ ጊዜ እስኪከፈት ድረስ ሜዳ ላይ ትቀራላችሁ። ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች በቤተሰቡ ካርድ በቀጥታ ስለማይገቡ ለየብቻ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ የመሀል ከተማ ነገር ላንሳ። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነስታችሁ ዳር የሄዳችሁ ብዙ ናችሁ። መድናችሁ ግን አሁንም አሮጌው ወረዳ ላይ ሊሆን ይችላል። ለአንድ የደም ግፊት ክኒን ከዳር እስከ መሀል ሁለት ሦስት ታክሲ ትይዛላችሁ ማለት ነው። ከቀድሞው ወረዳ የነዋሪነት መሸኛ ስታወጡ፣ የጤና መድን ክፍሉንም አባል መሆናችሁንና የከፈላችሁበትን ጊዜ የሚገልጽ ወረቀት እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። አዲሱ ወረዳ ስትመዘገቡ የከፈላችሁበት ጊዜ ይታሰብላችሁ እንደሆነ ወረቀቱን ይዛችሁ ጠይቁ። ከቤት መልቀቅ ውጣ ውረድ ውስጥ ይህ የሚረሳ ወረቀት ነው። የረሳችሁ ካላችሁ አሁንም ሄዳችሁ አውጡት።

የማይሸፈነውንም እወቁ። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና አይካተቱም። የመኪና አደጋም በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው፦ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል። የተገጨ ሰው ካለ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የመኪናውን የመድን መረጃ ያዙ።

8. እድሳት ሲደርስ ተደራደሩ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። የብዙ የአገር ውስጥ ድርጅቶች የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የሜዲካል ውሉም ብዙ ጊዜ ከዚያ ጋር ይታደሳል። ስለዚህ ጥያቄያችሁ ግንቦት ላይ ኤችአር ጠረጴዛ ላይ መድረስ አለበት። ሰኔ መጨረሻ ላይ ብትመጡ ዋጋው ተቆርጦ፣ ፊርማው ደርቆ ታገኙታላችሁ። የበጀት ዓመታቸው ጥር የሚጀምር የውጭ ድርጅቶች ጋር ከሆናችሁ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ተንቀሳቀሱ።

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የሥራ ባልደረቦቻችሁን ሰብስቡና በአንድ ወረቀት ላይ የተከለከላችሁበትን ተቋም፣ ቀኑን፣ የተሰጠውን ምክንያትና ከኪስ የወጣውን ገንዘብ ጻፉ። የሕመሙን ዓይነት ግን አትጻፉ። የሰው ገመና ነው፤ ለድርድሩም አይጠቅምም። ኤችአር "ቅሬታ አልደረሰንም" የማይልበት ወረቀት ይህ ነው።

ከዚያ ደብዳቤ አስገቡ። የቢሮ አማርኛ ቢደብርም የሚንቀሳቀሰው በእሱ ነው፦

"ለሰው ሀብት አስተዳደር መምሪያ። ጉዳዩ፦ በጤና መድን ውሉ ተጨማሪ የሕክምና ተቋማት እንዲካተቱ ስለመጠየቅ። ከላይ በጉዳዩ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በሥራ ላይ ባለው ውል ከተዘረዘሩት ተቋማት የተወሰኑት የክሬዲት አገልግሎት አቁመዋል። በዚህም ምክንያት ሠራተኞች ከኪሳቸው እየከፈሉና የሥራ ሰዓት እያባከኑ ይገኛሉ። ስለሆነም ውሉ ሲታደስ ከዚህ ጋር የተያያዙት ነጥቦች እንዲካተቱ በአክብሮት እንጠይቃለን።"

ነጥቦቹ ላይ "ብዙ ሆስፒታል ይጨመር" ብቻ አትበሉ። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው የምትክ አንቀጽ ነው፦ አንድ ሆስፒታል ሲያቆም መድን ድርጅቱ በተወሰነ ቀን ውስጥ በአቅራቢያው ተመጣጣኝ ምትክ እንዲያቀርብ፤ እስከዚያው ደግሞ ከኪስ የተከፈለው ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ። ሁለተኛ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ተቋማት የማይሰጡት ምርመራ ሲኖር ከውጭ የተሠራው እንደ ውስጥ እንዲቆጠር። ሦስተኛ፣ ቢያንስ አንድ ለብቻው የቆመ ላብራቶሪና አንድ ሁለት መድኃኒት ቤት እንዲገባ።

አራተኛውን ሰው ይረሳዋል። ቢሮው ሜክሲኮ ስለሆነ ሆስፒታሎቹ ሁሉ ሜክሲኮና ስታዲየም ዙሪያ ይደረደራሉ። ሠራተኛው ግን የሚያድረው ሰሚት፣ ጀሞ፣ አያትና ቱሉ ዲምቱ ነው። ልጁም ሚስቱም ያሉት እዚያ ነው። የሠራተኛውን መኖሪያ ሰፈር በአካባቢ ከፋፍላችሁ አያይዙት፤ ዝርዝሩ በዚያ መሠረት እንዲሠራ ጠይቁ። ለመድን ድርጅቱ ብዙም የማያስወጣው፣ ለእናንተ ግን ሌሊቱን የሚያቀልላችሁ ለውጥ ነው።

መሥሪያ ቤታችሁ ብሮከር (ከመድን ድርጅቶች ጋር የሚያገናኝ ደላላ) ካለው እሱንም ተጠቀሙበት። ብሮከሩ የሌሎች መድን ድርጅቶችን ዝርዝርና ዋጋ ማምጣት ይችላል። ሌላ ፕሮፎርማ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ፣ "አይቻልም" የነበረው ነገር "እናያለን" ይሆናል። የሠራተኛ ማህበር ካላችሁ ደግሞ ሕክምናውን የኅብረት ስምምነቱ ውስጥ አስገቡት። ያኔ ልመና መሆኑ ይቀርና መብት ይሆናል።

9. ድንገተኛ ሲሆን

ዝርዝር አትፈልጉ። ቅርብ ወዳለው ሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የከተማው እሳትና አደጋ 939። አንድ ሰው ከታማሚው ጋር ይሁን፣ ሌላው ለመድን ድርጅቱና ለኤችአር ይደውል። ከደወለ በኋላም በአጭር መልእክት ይድገመው፣ ሰዓቱ እንዲመዘገብ። ሕመምተኛው ሲረጋጋ ወደ ዝርዝሩ ሆስፒታል ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ የሚወስነው ግን ሐኪሙ እንጂ ካርዱ አይሁን።

10. መልስ ካጣችሁ

መድን ድርጅቱ ተመላሽ ከከለከለ ምክንያቱን ከነአንቀጹ በጽሑፍ ጠይቁ። "ሲስተሙ አልቀበል አለ" መልስ አይደለም። የጽሑፍ ቅሬታችሁን ለድርጅቱ ካስገባችሁ በኋላ ካልተፈታ፣ የመድን ሥራን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። ሥልጣኑ ከመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 የመጣ ነው። እዚያ ስትሄዱ የውሉን ወይም የሰንጠረዡን ኮፒ፣ ያስፈረማችሁትን የደረሰኝ ኮፒ፣ የእናንተን ማመልከቻና የእነሱን መልስ አብራችሁ ያዙ። ውሉ የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ኤችአር የድጋፍ ደብዳቤ ቢጽፍላችሁ ጉዳዩ ይፈጥናል።

መሥሪያ ቤታችሁ ራሱ የሚከፍል ከሆነ ብሔራዊ ባንክ አይመለከተውም፤ ማህበራችሁንና የኅብረት ስምምነቱን ያዙ። የማህበረሰብ አቀፍ መድን ቅሬታ ደግሞ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይጀምርና ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ከተማው ጤና ቢሮ ይወጣል። ወደ ላይ ስትወጡ ከታች የተሰጣችሁን የጽሑፍ መልስ ይዛችሁ ሂዱ፤ አለበለዚያ "መጀመሪያ ወረዳችሁን ጠይቁ" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።